ቅርጹ ያልተስተካከለ ስቶማ፦ ከረጢቱ ሳያፈስ እንዲይዝ ምን ማድረግ ይቻላል?

በቀዶ ሕክምና ሆዳቸው ላይ ስቶማ የተከፈተላቸው ብዙ ሰዎች አጥብቀው የሚፈሩት ነገር ቢኖር ከረጢቱ በሰው ፊት ማፍሰሱ ነው። ይህ ፍርሃት ሰዎችን ከሥራ፣ ከሠርግ፣ ከለቅሶ ቤት፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ያስቀራል። ስቶማው ክብ መሆኑ ቀርቶ ሞላላ፣ ጎርባጣ ወይም ወደ ውስጥ የሰመጠ ሲሆን ደግሞ ችግሩ ይደጋገማል፤ ቆዳው ይላጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ለአንድ ሳምንት ይበቃል የተባለው ከረጢት በሁለት ቀን ያልቃል።

የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ይበልጥ የሚጣበቅ ነገር መፈለግ ነው። ይሁን እንጂ ከረጢት የሚያፈሰው በአመዛኙ ማጣበቂያው ደካማ ስለሆነ ሳይሆን፣ የመለጠፊያው ቅርጽ ከስቶማውና በዙሪያው ካለው ቆዳ ቅርጽ ጋር ስለማይገጥም ነው። ስለዚህ መፍትሔው የሚጀምረው ቅርጽን በማየት፣ በመለካትና ጎድጓዳውን በመሙላት ነው።

ስቶማ ምንድን ነው?

ስቶማ ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ “አፍ” ማለት ነው። በሕክምናው ዓለም የአንጀት ወይም የሽንት መውጫ ጫፍ በሆድ ግድግዳ በኩል ወጥቶ ከቆዳ ጋር ሲሰፋ የሚፈጠረው ክፍት ቦታ ስቶማ ይባላል። ከትልቁ አንጀት የተሠራው ኮሎስቶሚ፣ ከትንሹ አንጀት የተሠራው ኢሊዮስቶሚ፣ ሽንት የሚወጣበት ደግሞ ዩሮስቶሚ ነው። የአንጀትና የፊኛ ካንሰር፣ ክሮንስ እና አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የተባሉት የአንጀት ቁስለቶች፣ የአንጀት መዘጋትና መጠምዘዝ፣ የሆድ ጉዳት እንዲሁም ከልደት ጋር የሚመጡ የአንጀት ችግሮች ለዚህ ቀዶ ሕክምና ከሚዳርጉት ምክንያቶች መካከል ናቸው። ስቶማው ለጥቂት ወራት ብቻ የሚቆይ ወይም ዘላቂ ሊሆን ይችላል።

ጤናማ ስቶማ እንደ አፍ ውስጠኛ ሥጋ እርጥብ ሲሆን ቀለሙ ሮዝ ወይም ቀይ ነው። ሲጠረግ ጥቂት ደም ቢታይበት አያስደነግጥም። የሕመም ስሜት የሚያስተላልፉ ነርቮች ስለሌሉት ግን ባለቤቱ ሳያውቀው ሊቆረጥ ወይም ሊፋቅ ይችላል።

ስቶማው እንደ ፊንጢጣ የሚዘጋና የሚከፍት ጡንቻ የለውም። በመሆኑም የሚወጣውን ሁሉ የሚቀበል ከረጢት ያስፈልገዋል። ከረጢቱን ከቆዳ ጋር የሚያያይዘው ተለጣፊ ክፍል መለጠፊያ ሲባል፣ መሐሉ ላይ ስቶማው የሚገባበት ቀዳዳ አለው። አንዳንዱ ከረጢት ከመለጠፊያው ጋር የተያያዘ ባለ አንድ ክፍል ነው፤ ባለ ሁለት ክፍሉ ደግሞ መለጠፊያው ቆዳ ላይ እንዳለ ከረጢቱ ብቻ እንዲቀየር ያስችላል።

ዛሬ ተራ የሚመስለው ይህ ተለጣፊ ከረጢት ረጅም ዕድሜ የለውም። እ.አ.አ. በ1954 ዴንማርካዊቷ ነርስ ኤሊሴ ሶረንሰን፣ እኅታቸው ስቶማ ከተከፈተላቸው በኋላ ያፈስብኛል በሚል ስጋት ከቤት መውጣት መፍራታቸውን አይተው፣ ከቆዳ ጋር የሚጣበቅና ተጠቅመው የሚጥሉት ከረጢት ሐሳብ አፈለቁ። በ1957 ይህንኑ ምርት ይዞ የተነሣው ኮሎፕላስት የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ። በዚያው ዘመን በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በሚገኘው ክሊቭላንድ ክሊኒክ ራሳቸው ኢሊዮስቶሚ የነበራቸው ኖርማ ጊል፣ ከቀዶ ሐኪሙ ሩፐርት ተርንቡል ጋር ሆነው የስቶማ እንክብካቤን ራሱን የቻለ ሙያ አደረጉት። የዛሬዎቹ የስቶማ ነርሶች ሙያ የሚመዘዘው ከዚያ ነው።

ቅርጹ ለምን ያልተስተካከለ ይሆናል?

ፍጹም ክብ የሆነ ስቶማ ሁሉም ሰው አያገኝም። አንጀቱ ሳይቆረጥ እንደ ቀለበት ተጎትቶ ወጥቶ የተከፈተ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሞላላ ይሆናል። ስፌቱ በአንድ ወገን ሲስብ ወይም ጠባሳ ሲጥል ቅርጹ ወደዚያው ያዘነብላል። አንዳንዱ እንደ እንጉዳይ ነው፤ አናቱ ሰፊ፣ ሥሩ ቀጭን ይሆናል።

ከፍታውም ይለያያል። ኢሊዮስቶሚ ከቆዳው በላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቅ ቢል ፈሳሹ በቀጥታ ከረጢቱ ውስጥ ይወርዳል። ከቆዳው እኩል የሆነ ወይም የሰመጠ ስቶማ ግን ፈሳሹን ከመለጠፊያው ሥር ይለቃል። ስቶማው ከፍ ያለ ቢሆን እንኳ መውጫ ቀዳዳው መሐል ላይ ካልሆነና ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ከዞረ ውጤቱ ያው ነው።

ሌላው የቅርጽ ጉዳይ በዙሪያው ያለው ቆዳ ነው። ጠባሳ፣ እምብርት፣ የሆድ እጥፋት፣ የዳሌ አጥንት ቅርበት፣ መወፈርና መክሳት መለጠፊያው የሚያርፍበትን ሜዳ ያጎድፉታል። በስቶማው ዙሪያ ቡአ ሲወጣ ደግሞ ጠፍጣፋ የነበረው ሆድ ይነፋል።

ስቶማው ራሱም ባለበት አይቆይም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አብጦ ይቆይና በመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 8 ሳምንታት ውስጥ እየሟሸሸ ይሄዳል። በሆስፒታል የተሰጠውን ልክ ከዚያ በኋላ ሳይለውጡ መጠቀም ከተለመዱት የማፍሰስ ምክንያቶች አንዱ ነው።

እነዚህን ችግሮች ለመቀነስ የሚበጀው ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያለው ነው። የስቶማ ነርስ ወይም ሐኪም ታካሚውን አስተኝቶ፣ አስቀምጦ፣ አቁሞና አጎንብሶ ሆዱን ካየ በኋላ ከእጥፋትና ከቀበቶ መስመር የራቀ፣ ታካሚው በዓይኑ ሊያየው የሚችል ቦታ ላይ ምልክት ያደርጋል። ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ሲሆን ግን ይህ ዕድል ብዙ ጊዜ አይገኝም። የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ በኢትዮጵያ ከተለመዱት የአንጀት መዘጋት ምክንያቶች አንዱ በመሆኑ፣ በአገር ቤት ስቶማ የተከፈተላቸው ብዙዎች ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚገቡት በዚህ ዓይነት አጣዳፊ ሁኔታ ነው።

ያገለገለው መለጠፊያ የሚናገረው

አዲስ ምርት ከመግዛት በፊት መመርመር ያለበት ከሆድ ላይ የተነሣው አሮጌ መለጠፊያ ነው። ወዲያው ከመጣል ይልቅ ከቆዳ ጋር ተጣብቆ የነበረውን ገጽ ገልብጦ ማየት ማፍሰሱ ከየት እንደጀመረ ይጠቁማል።

በቀዳዳው ዙሪያ እኩል የሆነ ጠባብ ነጭ ቀለበት ከታየ፣ ማጣበቂያው እርጥበት መጥጦ በወጉ እያለቀ ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሟሟ ወይም ዓይነ ምድር የገባበት ቦይ ካለ፣ በዚያ አቅጣጫ እጥፋት፣ ጎድጓዳ ወይም ወደዚያ የዞረ መውጫ አለ ማለት ነው። በዙሪያው ሁሉ እኩል ሰፋ ብሎ ከሟሟ ደግሞ ቀዳዳው በጣም ሰፍቷል፣ ወይም መለጠፊያው ከሚገባው በላይ ቆይቷል።

ነርሶች ቦታውን በሰዓት ገጽ ላይ ባሉ ቁጥሮች ይገልጹታል። ወደ ራስ በኩል ያለው 12፣ ወደ እግር በኩል ያለው 6 ሲሆን፣ ከፊት ለፊት ለሚመለከት ሰው የታካሚው ግራ ጎን 3፣ ቀኝ ጎኑ 9 ይሆናል። “ሁልጊዜ ከ5 ቁጥር በኩል ነው የሚያፈሰው” ማለት “ያፈሳል” ከማለት እጅግ የተሻለ መረጃ ነው። በሦስት ተከታታይ ቅያሬዎች ያፈሰሰበትን ቦታና የቆየበትን ቀን መመዝገብ፣ መለጠፊያውንም በስልክ ፎቶ ማንሣት ለነርሷ ግማሹን ሥራ ይሠራላታል።

ልክን በትክክል መውሰድ

ከመለጠፊያዎች ጋር የሚመጣው ክብ ቀዳዳዎች ያሉት መለኪያ ካርድ ለክብ ስቶማ የታሰበ ነው። ለሞላላ ወይም ለጎርባጣ ስቶማ የራሱን ቅርጽ መቅዳት ያስፈልጋል።

ለዚህ የሚበጀው ንጹሕ ግልጽ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩን ስቶማው ላይ በስሱ አሳርፎ፣ ስቶማው ከቆዳው ጋር የሚገናኝበትን መስመር ተከትሎ በማርከር መሳል ይቻላል። ከዚያም ከተሳለው መስመር ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሰፋ አድርጎ መቁረጥ ነው። ቀዳዳው ከዚህ ከሰፋ የተጋለጠው ቆዳ ይቃጠላል። ከጠበበ ደግሞ ጠርዙ ስቶማውን ይፍቃል፤ ስቶማው ሕመም ስለማይሰማው ጉዳቱ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነጥብ አለ። ሥዕሉ የተሳለው ከፊት ለፊት ሲሆን፣ መለጠፊያው የሚቆረጠው ግን ብዙ ጊዜ ከቆዳ ጋር በሚጣበቀው ጀርባው በኩል ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ሳይገለበጥ ከተቀዳ፣ የስቶማው የግራ እብጠት በመለጠፊያው ላይ በቀኝ ይወጣል። ለክብ ስቶማ ለውጥ የለውም፤ ላልተስተካከለው ግን ልኩን ሁሉ ያበላሻል። በፕላስቲኩ ላይ “ላይ” እና “ውጭ” ብሎ መጻፍ ከዚህ ስሕተት ያድናል።

ከተቆረጠ በኋላ ጠርዙን በጣት እያሹ ማለስለስ፣ መከላከያ ወረቀቱ ሳይነሣም ስቶማው ላይ አስገብቶ መሞከር ይገባል። ቅርጹ የተረጋጋለት ሰው ያንን ፕላስቲክ አስቀምጦ በየጊዜው ሊጠቀምበት ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን በየቅያሬው መለካት፣ ከዚያም በኋላ ክብደት ሲለወጥ፣ እርግዝና ሲመጣ ወይም ቡአ ሲታይ እንደገና መለካት ያስፈልጋል።

እንደ እንጉዳይ ያለው ስቶማ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀዳዳው ሰፊውን አናት ማሳለፍ ስላለበት በቀጭኑ ሥር ዙሪያ ያለው ቆዳ መጋለጡ አይቀርም። ያንን ክፍተት የሚዘጋው ቀጥሎ የሚነሣው የማሸጊያ ቀለበት ነው። መቀስ መያዝ ለሚያስቸግራቸው ሰዎችም በመቀስ ፋንታ በጣት እየተጠቀለለ የሚሰፋ ቀዳዳ ያላቸው መለጠፊያዎች አሉ።

ጎድጓዳውን መሙላት

ጠፍጣፋ መለጠፊያ ጎድጓዳ ቆዳ ላይ ሲያርፍ በሥሩ ባዶ ቦታ ይቀራል። ፈሳሹም ያንን ክፍተት እንደ ቦይ ይከተላል። የመሙያ ምርቶች ሥራ ይህን ቦይ መዝጋት ነው።

የማሸጊያ ቀለበት እንደ ሊጥ በጣት የሚታሽ፣ የሚሳብና የሚቆረጥ ለስላሳ ምርት ነው። በስቶማው ሥር ዙሪያ ይጠመጠማል። ጎድጓዳው በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ሙሉውን ቀለበት መጠቀም አያስፈልግም፤ ቁራጩን በዚያ ቦታ ላይ ብቻ ማድረግ ይበቃል። ያለ ልክ መደራረብ ግን መለጠፊያውን ከቆዳው ያርቀዋል እንጂ አያጠብቀውም።

የስቶማ ፓስታ ብዙ ሰው ሙጫ ይመስለዋል። ሥራው ግን ግድግዳ ከመቀባቱ በፊት ስንጥቁን እንደሚሞላው ስቱኮ ነው። ለቀጭን ሽብሽብና ለትንሽ ስንጥቅ ጥቂት ብቻ ይደረጋል። በወፍራሙ ከተቀባ መለጠፊያው በላዩ ላይ ይንሸራተታል። አልኮል ያለበት ዓይነት የተላጠ ቆዳን አጥብቆ ስለሚለበልብ፣ ቆዳው ለቆሰለ ሰው አልኮል የሌለበት ፓስታ ወይም ቀለበት ይመረጣል።

ሆዳቸው ብዙ እጥፋት ላለው ሰዎች የመለጠፊያው ልስላሴም ወሳኝ ነው። ባለ አንድ ክፍል ከረጢት በአብዛኛው ከሰውነት ጋር አብሮ ይታጠፋል። ጠንካራ ቀለበት ያለው ባለ ሁለት ክፍል ደግሞ ሰውየው ሲቀመጥ በእጥፋቱ ላይ ሊነሣ ይችላል።

ጎባጣ መለጠፊያና ቀበቶ

ስቶማው ከቆዳው እኩል ሲሆን ወይም ሲሰምጥ፣ ጎድጓዳውን መሙላት ብቻውን ላይበቃ ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚያገለግለው ኮንቬክስ የሚባለው ጎባጣ መለጠፊያ ነው። ከቆዳ ጋር የሚገናኘው ገጹ እንደ ስኒ ማስቀመጫ ጀርባ ጎበጥ ያለ ሲሆን፣ በስቶማው ዙሪያ ያለውን ቆዳ በስሱ ተጭኖ ስቶማው ብቅ እንዲል ያግዘዋል።

የጉብታው ጥልቀትና ጥንካሬ ይለያያል። በጥቅሉ ሲታይ ለስላሳ ሆድ ጠንከር ያለውን፣ ጠንካራ ወይም የተወጠረ ሆድ ለስለስ ያለውን ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ይህ ምርት ያለ ባለሙያ ምርመራ መጀመር የለበትም። ስፌቱ ገና ያልደረቀ አዲስ ስቶማ፣ በስቶማው ዙሪያ ቡአ ወይም ቁስል፣ ወይም በጉበት ሕመም ምክንያት ያበጡ የደም ሥሮች ያሉበት ሰው በግፊቱ ሊጎዳ ይችላል።

ከጎባጣው መለጠፊያ ጋር አንዳንዴ ቀበቶ ይታዘዛል። ቀበቶው ከስቶማው ጋር በአንድ መስመር በ3 እና በ9 ቁጥር በኩል መሳብ አለበት። ወደ ወገብ ከፍ ካለ መለጠፊያውን ወደ ላይ ይነቅለዋል። በሥሩ ሁለት ጣት የማያስገባ ከሆነም ጠብቋል።

ወደ ውጭ ረዝሞ ለሚወጣ ስቶማ የሚያስፈልገው የዚህ ተቃራኒ ነው። ጠንካራ ጉብታ አይስማማውም፤ ለስላሳ ጠፍጣፋ መለጠፊያ፣ ሲያብጥ የማይፍቀው ቀዳዳና ሰፋ ያለ ከረጢት ይሻላል። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲታይ ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል።

ቆዳው ሲላጥ

ማፍሰስና የቆዳ መላጥ እርስ በርስ ይመጋገባሉ። ያፈሰሰው ነገር ቆዳውን ያቆስላል፣ እርጥብ ቁስል ላይ መለጠፊያ አይዝም፣ ስለዚህ እንደገና ያፈሳል። በተለይ ከኢሊዮስቶሚ የሚወጣው ፈሳሽ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞች ስላሉበት ቆዳን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊያቃጥል ይችላል።

ለተላጠና ለረጠበ ቆዳ የስቶማ ዱቄት አለ። ጥቂት ተነስንሶ ትርፉ ይራገፋል፤ ከዚያ አልኮል የሌለበት መከላከያ ፈሳሽ በላዩ ላይ ነካ ነካ ተደርጎ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ዱቄቱ ሳይራገፍ ከቀረ ራሱ መለጠፊያውን እንዳይዝ ያደርገዋል። ቆዳው ሲድን ዱቄቱን ማቆም ይገባል።

ከሁሉም በላይ መወገድ ያለበት ልማድ ያፈሰሰውን መለጠፊያ በፕላስተር ማሸግ ነው። ፕላስተሩ ሽታውንና እድፉን ለጊዜው ይሸፍናል፤ ፈሳሹን ግን ቆዳው ላይ ያቆየዋል። የማሳከክ ወይም የማቃጠል ስሜት ከተሰማ፣ ከውጭ የሚታይ ነገር ባይኖርም መለጠፊያው መነሣት አለበት።

አለጣጠፉ ደረጃ በደረጃ

ጊዜው። ብዙ ሰዎች ስቶማቸው ጭምት የሚሆንበት ሰዓት አላቸው፤ ለኢሊዮስቶሚና ለዩሮስቶሚ ብዙ ጊዜ ጠዋት ከምግብና ከመጠጥ በፊት ይመቻል።

ማንሣት። በአንድ እጅ ቆዳውን ደግፎ፣ በሌላው መለጠፊያውን ከላይ ወደ ታች ቀስ ብሎ መላጥ። አጥብቆ ከያዘ የማጣበቂያ ማስለቀቂያ ይረዳል።

ማጠብ። ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። ቅባት፣ ሎሽን፣ ቅባትነት ያለው ሳሙናና የሕፃናት እርጥብ መጥረጊያ መለጠፊያው እንዳይዝ ያደርጋሉ።

ማድረቅ። ቆዳው ሳይታሽ ነካ ነካ እየተደረገ ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት። በዚህ መሐል ፈሳሽ እንዳያስቸግር የተጠቀለለ ፋሻ ስቶማው ላይ መያዝ ይቻላል።

መለጠፍ። መለጠፊያውን በመዳፎች መካከል ለጥቂት ደቂቃ ማሞቅ ያለሰልሰዋል። ሲለጠፍ መቆም ወይም ወደ ኋላ ጋደም ማለት እጥፋቱን ይዘረጋዋል፤ አጎንብሶ ተቀምጦ መለጠፍ ግን ሽብሽቡን ከሥሩ ያስቀረዋል። መጀመሪያ በቀዳዳው ዙሪያ፣ ከዚያ ወደ ዳር በጣት መጫን ይገባል።

መያዝ። እጅን በላዩ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ማሳረፍና ወዲያው አለመጎንበስ፣ በሰውነት ሙቀት የሚሠራው ማጣበቂያ ሥራውን እንዲጀምር ዕድል ይሰጠዋል።

ከረጢቱ ሲሶው ወይም ግማሹ ሲሞላ መፍሰስ አለበት፤ ክብደቱ መለጠፊያውን ይጎትታልና። ብዙዎች መለጠፊያቸውን በየሦስትና በየአራት ቀኑ ይቀይራሉ። ጥሩ ልክ ማለት ረጅም ቀን መቆየት ብቻ አይደለም፤ የሚቀየርበት ቀን አስቀድሞ የሚታወቅ፣ ሲነሣም ከሥሩ ጤናማ ቆዳ የሚገኝበት ነው።

ሙቀት፣ ጾምና ጉዞ

በባሕረ ሰላጤው አገራት ሙቀትና ላብ የመለጠፊያን ዕድሜ ያሳጥራሉ፤ በበጋ ቶሎ ቶሎ መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል። ትርፍ ዕቃን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ማስቀመጥም ማጣበቂያውን ያበላሸዋል።

ኢሊዮስቶሚ ያለው ሰው ውኃና ጨው በቀላሉ ያጣል። በረመዳንም ሆነ በሌሎች አጽዋማት ከውኃ መታቀብ የሚፈልግ ሰው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ማማከር ይኖርበታል።

በአውሮፕላን ለሚጓዝ ሰው ዕቃው በእጅ ሻንጣ ቢያዝ ይመረጣል። መቀስ በፍተሻ ሊያዝ ስለሚችል የተወሰኑ መለጠፊያዎችን ቤት ውስጥ ቆርጦ መያዝ ይጠቅማል።

ሳይዘገይ ሕክምና የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ስቶማው ወደ ጥቁር፣ ወይን ጠጅ ወይም ግራጫ ከተለወጠ፤ ከውስጡ የማይቆም ደም ከፈሰሰ፤ ምንም ሳይወጣ ቆይቶ የሆድ ቁርጠትና ትውከት ከመጣ፤ ድንገት ረዝሞ ከወጣና ካልተመለሰ፤ ወይም ኢሊዮስቶሚው ከወትሮው እጅግ በዝቶ እየፈሰሰ ማዞር፣ የአፍ መድረቅና የሽንት ማነስ ከታየ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። በቀን ከ1.5 ሊትር በላይ የሚወጣ ፈሳሽ ለሐኪም ሊነገር ይገባል። በቀለል ያለ እንክብካቤ የማይድን ቁስልም እንዲሁ።

እርዳታ ከየት ይገኛል?

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብዙ ሆስፒታሎች የስቶማ ነርስ አላቸው። ታካሚዎች ከሆስፒታል ከወጡ በኋላም ቀጠሮ መጠየቅ ይችላሉ፤ ከዓመታት በፊት የተከፈተ ስቶማ ቢሆን እንኳ። ሲሄዱ ያገለገለውን መለጠፊያ በታሸገ ፕላስቲክ ይዞ መሄድ ይጠቅማል።

በእንግሊዝ ዘላቂ ስቶማ ያለው ሰው ከመድኃኒት ማዘዣ ክፍያ ነፃ የሚያደርግ የምስክር ወረቀት ማውጣት ይችላል። በስኮትላንድ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ማዘዣ ለሁሉም ነፃ ነው። በአሜሪካ ሜዲኬር በክፍል ቢ በኩል የስቶማ ዕቃዎችን የሚሸፍን ሲሆን፣ ታካሚው ከዓመታዊው የራስ ክፍያ በኋላ በአብዛኛው 20 በመቶውን ይከፍላል። በባሕረ ሰላጤው አገራት ሽፋኑ እንደ መድኅን ውሉ ስለሚለያይ፣ “የስቶማ ዕቃ ይሸፈናል ወይ?” ብሎ ለይቶ መጠየቅ ይበጃል።

ቋንቋ እንቅፋት መሆን የለበትም። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ስለ ገላና ስለ ዓይነ ምድር በልጅ ወይም በዘመድ በኩል መነጋገር የሚያሳፍር ስለሆነ ብዙ ነገር ሳይነገር ይቀራል፤ ባለሙያ አስተርጓሚ የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

ለአገር ቤት ዘመድ ዕቃ ለሚልኩ

በኢትዮጵያ የስቶማ ዕቃዎችን እንደ ልብ ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ በውጭ የሚኖሩ ቤተሰቦች ከረጢት ገዝተው ይልካሉ። ነገር ግን ልኩ ያልታወቀ አንድ ካርቶን ከረጢት ብዙ ጊዜ አይጠቅምም። ከመግዛት በፊት አራት ነገሮችን መጠየቅ ያስፈልጋል፦ ስቶማው የትኛው ዓይነት ነው? ስፋቱ በሰፊውና በጠባቡ በኩል ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ከቆዳው ከፍ ያለ ነው፣ እኩል ነው ወይስ የሰመጠ? ሰውየው ሲቀመጥ በዙሪያው እጥፋት ይታያል? ታካሚው ፈቃደኛ ከሆነ ቆሞና ተቀምጦ የተነሣ ፎቶ መልሱን ያቀልለዋል።

ቅርጹ ላልተስተካከለ ስቶማ አስቀድሞ ክብ ሆኖ ከተቆረጠው ይልቅ በመቀስ የሚቆረጠው መለጠፊያ ይመረጣል። ባለ ሁለት ክፍል ከሆነ የመለጠፊያውና የከረጢቱ መጋጠሚያ መጠን አንድ ዓይነት መሆኑንና ሁለቱም ከአንድ ኩባንያ፣ ከአንድ የምርት ዓይነት መምጣታቸውን ማረጋገጥ ይገባል፤ የማይገጥሙ ሁለት ክፍሎች ከንቱ ናቸው። የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውም ይታይ፤ ያረጀ ማጣበቂያ አይዝምና። ብዙ ከመላክ በፊት ጥቂት ናሙና ልኮ ስንት ቀን እንደቆየና በየትኛው በኩል እንዳፈሰሰ መጠየቅ፣ ለቀጣዩ ግዢ ከማንኛውም ማስታወቂያ የተሻለ መሪ ነው። ከጥቂት ከረጢቶች ጋር ሁለት ወይም ሦስት የማሸጊያ ቀለበት፣ አንድ ዱቄትና ቅርጹ የተቀዳበት ፕላስቲክ የያዘ ትንሽ ጥቅል፣ ልኩ ከማይታወቅ ትልቅ ካርቶን ይልቅ ታካሚውን ከቤት ሊያስወጣው ይችላል።